ማታና ቀን በዲ ባቡር

የሌሊት ፈረቃዬ የሚያልቀው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ፣ 59ኛው ጎዳና ላይ ዲ የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር እይዛለሁ። እስከ 125ኛው የትም ሳይቆም ይከንፋል። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የጆ ጃክሰንን «ናይት ኤንድ ዴይ» (ማታና ቀን) አልበም እከፍታለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አልሰለቸኝም።

ጆ ጃክሰን እንግሊዛዊ ነው። በ1979 ፈጣን የሮክ ዘፈኖች ይዞ ብቅ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1981 ዞር ብሎ ስዊንግ፣ የድሮ የዳንስ ጃዝ፣ ዘፈነ። ከዚያ ኒው ዮርክ ገባ። ይህ አልበም በ1982 ሲወጣ ከተማዋ ገና አልለመደችውም፣ እሱም አልለመዳትም። እኔን የያዘኝ ይኼ ነው። እንግዳ ሰው ሁሉንም ነገር ይሰማል።

በባንዱ ውስጥ ጊታሪስት የለም። ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ከዚያ ሱ ሃጆፖሎስ የምትባል ሙዚቀኛ የምትመታቸው የላቲን ከበሮዎች፣ ኮንጋና ቲምባሌስ። ሳልሳው፣ ጃዙና ፖፑ ተደበላልቀዋል፤ ግን አንዱ ሌላውን አይጋፋም። እንደ እኔ በከተማዋ ሰሜን፣ ብሮንክስ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ኮንጋ የሰፈር ድምፅ ነው። ከእኔ በላይ ያሉት የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ቅዳሜ ሲሆን መስኮታቸውን ይከፍቱታል፣ እኔም የእኔን እከፍታለሁ። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እዚሁ ከተማ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን የቀረጸው ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ነበር። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

የሸክላው አንዱ ገጽ «ማታ»፣ ሌላው «ቀን» ነው። የማታው አምስት ዘፈኖች ተያይዘው ይሄዳሉ። «ቻይናታውን» ላይ ሰውየው የቻይናዎቹን ሰፈር ፍለጋ ሲንከራተት ያመሻል። እኔም የመጣሁ ሰሞን ዝንጅብል ልገዛ ወጥቼ እዚያው ሰፈር ካናል ጎዳና ላይ ጠፍቻለሁ። ስልኬ ዘግቷል። በረዶ ላይ የተደረደረ ዓሣ፣ በሣጥን ውስጥ የሚርመሰመስ ሸርጣን፣ የማላነበው ጽሑፍ። እንባዬ መጣ። አንዲት አሮጊት ሻጭ እጄን ይዘው እስከ ባቡሩ ደረጃ አደረሱኝ። አንድም ቃል አልተግባባንም። ዝንጅብሉን ግን በጥቁር ፌስታል ሞልተው ሰጥተውኝ ነበር።

«ቲቪ ኤጅ» ብዙም አይመቸኝም፤ ታግሼ አልፈዋለሁ። የገጹ መጨረሻ ላይ «ስቴፒን አውት» ይመጣል። አሜሪካም እንግሊዝም 6ኛ ደረጃ የደረሰ ዘፈን ነው። እንደ ሞተር የማይደክም ምት፣ ከላይ ፒያኖ። ተኮራርፈው የከረሙ ሁለት ሰዎች ቤታቸውን ትተው በመኪና ወደ መብራቱ ይወጣሉ። እሱ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ 161ኛው ጎዳና ደርሻለሁ። 167ኛው ላይ ወርጄ ደረጃውን የምወጣው በዚህ ዘፈን ነው። እግሬ ያበጠበት ቀን እንኳ በምቱ እወጣለሁ።

የቀኑን ገጽ ቤቴ ነው የምሰማው። ጎረቤቶቼ ወደ ሥራ ሲወጡ እኔ መጋረጃዬን እዘጋለሁ። ሸክላውን ከመንገድ ሻጭ በ5 ዶላር ገዝቼዋለሁ። ማጫወቻ ስለሌለኝ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ በጥቂት መስመር የተሳለውን ፒያኒስት እያየሁ በስልኬ እሰማለሁ። መጨረሻው «ኤ ስሎው ሶንግ» ነው። ሰውየው በጩኸት ደክሞት አንድ ቀስ ያለ ዘፈን እንዲከፈትለት ይለምናል። ልመናው ወደ መጨረሻው ጩኸት ይሆናል። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ እስኪያልቅ እጠብቀዋለሁ።