በቴክስት የሚነገር ጨዋታ በአማርኛ ሲጻፍ

በስልክ መልእክት የሚነገር ጨዋታ በአማርኛ ልጻፍ ያለ ሰው ከታሪኩ በፊት የሚወስነው ነገር አለ፤ የሚጻጻፉት «አንተ» እየተባባሉ ነው ወይስ «አንቺ»? እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ላይፍላይን» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ከሩቅ ጨረቃ ላይ ለተጫዋቹ መልእክት የሚልከው ገጸ ባሕርይ ቴይለር ይባላል፤ ጾታው ግን አይነገርም። እዚህ እንኳ «የሚልከው» ሳይሉ ማለፍ ያስቸግራል። ቴይለር ስለ ራሱ ሲያወራ አማርኛችን ይመቻል፤ «ወደቅኩ»፣ «ደከመኝ» ለሁለቱም ይሆናል። ተጫዋቹ ሲመልስ ግን «ተኛ» ወይም «ተኚ» ማለት ግድ ነው። «መተኛት ይሻላል» እያሉ መሸሽ ለሁለት ሦስት መልእክት ያስኬዳል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይደርቃል።

ስለዚህ ለተጫዋቹ የታወቀ ማንነት መስጠት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «በሪ ሚ፣ ማይ ላቭ» ይህን ነው ያደረገው። ተጫዋቹ ማጅድን ይሆናል፤ ከሶሪያ ወደ አውሮፓ የተሰደደችውን ሚስቱን ኑርን በመልእክት ብቻ ይከታተላል። ጨዋታው 19 የተለያዩ መጨረሻዎች አሉት። ተጫዋቹ በራሱ ስም ይግባ ከተባለ ደግሞ ጾታው መጀመሪያ ላይ ይጠየቅና እያንዳንዱ ግሥ በሁለት መልክ ይጻፋል። ኢንክ የተባለው ነፃ የታሪክ መጻፊያ ቋንቋ ይህን በቀላሉ ይሠራል። አንድ «ደረስክ» ሳይቀየር ከቀረ ግን እምነቱ ሁሉ ይፈርሳል፤ ጽሑፉን አንዴ በሴት፣ አንዴ በወንድ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መልእክት እስኪመጣ መጠበቁ አለ። የዚህ ጨዋታ ነፍስ እዚያ ነው። «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት በመልእክቱ ርዝመት ልክ ይቆይ። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ለእንግሊዝኛ የተሰላው ፍጥነት ለእኛ ይቸኩላል፤ በፊደል 80 ሚሊሰከንድ፣ ቢበዛ 4 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ረጅም መልእክትን ለሁለት ለሦስት መቆራረጥ ይገባል፤ ሰው የሚጽፈው እንደዚያ ነው። የሰዓታት ዝምታ የሚገባው ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው፦ እንቅልፍ፣ መንገድ፣ ያለቀ ባትሪ።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ሠርተው ነው። ስልኩ መተግበሪያውን ሲዘጋው ቆጠራው አብሮ ይቆማል። መቀመጥ ያለበት ቀጣዩ መልእክት የሚደርስበት ቁርጥ ያለ ጊዜ ነው፤ ጨዋታው ሲከፈት ከአሁኑ ጋር ይነጻጸራል። አይፎን ለአንድ መተግበሪያ የሚይዘው 64 ቀጠሮ የተያዘላቸው ማሳወቂያዎችን ብቻ ስለሆነ የቅርቦቹን ብቻ መመዝገብ ነው። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ደግሞ ማሳወቂያ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱን ገና ሲከፈት ሳይሆን ገጸ ባሕርይዋ «ቆይ፣ እመለሳለሁ» ስትል መጠየቅ ያዋጣል።

የሰዓት አቆጣጠሩም አይረሳ። ገጸ ባሕርይዋ «3 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ብላ ከመልእክቱ ሥር 9:00 የሚል ከታየ ተጫዋቹ ግራ ይጋባል፤ በጨዋታው ውስጥ የሚታየው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ታሪኩ ሪያድ ላይ ከሆነ ከአዲስ አበባ ጋር ልዩነት የለም፤ ዱባይ ከሆነ 1 ሰዓት ይጨመራል።