የአባቴ ሜዳ ሰፈር ሊሆን ነው

ጎንደር፣ ኅዳር

ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የቤተሰባችን መሬት በከተማው ፕላን ውስጥ ገብቷል። የጤፉ ማሳም፣ ከብቶቹ የሚውሉበት ሜዳም፣ የቤታችን ግቢም ተሸንሽኖ ለቤት ሠሪ ማኅበራት ሊሰጥ ነው። ወሬውን ከሰማነው ቆይቷል። በዚህ ሳምንት ግን ቀያሾች መጥተው ችካል መትከል ስለ ጀመሩ ነገሩ ከወሬ አልፏል፤ እኔም እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ብዕር አነሣሁ።

መሬቱ ለምን ሰፈር ይሆናል ብዬ አልከራከርም። ልጆች ይዘው ከአንዱ ጠባብ የኪራይ ክፍል ወደ ሌላው የሚንከራተቱ ስንት ባልና ሚስት አውቃለሁ! ከተማው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ካለው ከፍታ ወርዶ ወደ አዘዞ ሜዳ መዘርጋት ከጀመረም ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሚያስጨንቀኝ ሰፈሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውኃው።

መሬታችን ዋልካ ነው። ሐምሌ ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጥር ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የጥጃ እግር ይውጣል፤ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ጥጆቹን ከዚያ ማራቅ አንዱ ሥራዬ ነበር። እንዲህ ባለ አፈር ላይ እንደ ነገሩ የተሠራ ቤት ብዙ ክረምት ሳይቆይ ግድግዳው ይተረተራል። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ መውጣት፣ በምትኩ ገረጋንቲ ገብቶ መጠቅጠቅ አለበት፤ ይህም ከኪሱ ቆጥቦ ለሚሠራ ሰው ከባድ ወጪ ነው። ቦታው የሚደርሳቸው ሰዎች ይህን ገና ከመጀመሪያው ቢያውቁት እወዳለሁ።

አፈሩስ በገንዘብ መላ ይበጅለታል። ከላይ ከኮረብታው የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ግን ሜዳችንን አቋርጦ ወደ መገጭ ይወርዳል፤ መገጭም ጣና ይገባል። በበጋ ለሚያየው ሰው ምንም የለም። ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ሣሩ ከሌላው ዘግይቶ የሚደርቅ ቦታ ነው፤ ያውም ልብ ብሎ ላየው። ቀያሾቹ የመጡት በኅዳር ነውና ችካላቸው በዚሁ ዝቅታ መሃል ለመሃል አለፈ።

አባቴ ከዘራውን ይዞ ሲከተላቸው ዋለ። ምንም አልተናገረም። በመጨረሻ ከመካከላቸው ወጣቱ መሣሪያውን አቁሞ፣ «አባባ፣ እዚህ ውኃ ይተኛል እንዴ?» ሲል ጠየቀው። አባቴ፣ «ና ልጄ፣ ላሳይህ» አለና ሾላው ሥር ወሰደው። በግንዱ ላይ ያለፈው ክረምት ጭቃ ደርቆ የቀረበት መስመር አለ፤ ከጉልበት ከፍ ይላል። አባቴ በከዘራው ጫፍ መስመሩን ተከትሎ ግንዱን ዞረው። ልጁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጭቃውን ፈቀፈቀ፤ ቁመቱን ለካ፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያም፣ «እኔ መዝግቤዋለሁ፤ ፕላኑ እንዲስተካከል ግን እናንተም ማመልከቻ አስገቡ» አለን። ይህን ልጅ እግዚአብሔር ይስጠው። ሳይጠይቅ መሄድም ይችል ነበር።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በከተሙባት በዚህች ከተማ ውኃን አስቀድሞ ማሰብ እንግዳ ነገር አልነበረም። ለጥምቀት የምንወርድበት የፋሲል መጠመቂያ ዛሬም የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ ነው። ያንን የገነቡት ሰዎች ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳያጠኑ ድንጋይ አልካቡም። ለአዲሱ ሰፈርም የምለምነው ይህንኑ ነው።

ጎረቤት፣ «ሸጣችሁት አሉ» ይለናል። አልሸጥነውም። አያቴ ርስቴ ይለው የነበረው መሬት በየካቲት 1967ቱ አዋጅ የሕዝብ ሆኗል፤ በሕገ መንግሥቱም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በእጃችን ያለው የይዞታ ደብተር ነው፤ የእናቴ ፎቶግራፍ ከአባቴ ጎን ተለጥፎበታል። ካሳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ይሰላል። ይኸውም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ይህን ለእናቴ ቁጭ ብዬ ሳስረዳት ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ «የሣሩንስ ከፈሉ እንበል፤ የወተቱስ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ከብቶቻችን የፎገራ ዘር ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንዳቸው አጭር። ለወተትም ለእርሻም የሚሆኑ፣ ከጣና ዙሪያ ሜዳ ጋር የተላመዱ ከብቶች ናቸው። ፎገራ ላይ ሜዳው እየታረሰ ሩዝ ሲዘራበት ግጦሹ ጠበበ፤ ንጹሑ ዘርም እየተመናመነ ሄደ። አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩን ለማቆየት መሥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ ለገበያ ከማውጣት ይልቅ ለሚያረባ ሰው መስጠት ይሻላል ብሎ ደምቢያ ያሉ ዘመዶቻችንን እያነጋገረ ነው። ስለ ዋጋ ሲያነሣ እስካሁን አልሰማሁትም።

ማመልከቻውን ዛሬ ማታ ጽፌ ጨርሻለሁ። የጎርፉ መውረጃ በግራና በቀኝ ሰፋ ተደርጎ ቤት ሳይሠራበት አረንጓዴ ቦታ ሆኖ እንዲቀር፣ መንገዶቹ በሚያቋርጡት ቦታ ሁሉ ውኃውን የሚችል ቱቦ እንዲቀበር፣ ሾላውም ሳይቆረጥ የሰፈሩ ሰው ዕድሩን የሚሰበሰብበት ጥላ እንዲሆን ጠይቀናል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይመኛል?

አንድ ነገር ብቻ አልተቋጨም። አባቴ ምትክ የመኖሪያ ቦታው ከውኃው መውረጃ አጠገብ፣ ከፍ ካለው በኩል ቢሆንለት ይፈልጋል፤ ሣር አጭዶ አንዲት ላም እንኳ ቢይዝ ብሎ። ወንድሜ ደግሞ ከአስፋልቱ ዳር ካልሆነ ይላል፤ ሱቅ ሊከፍትበት አስቧል፤ ልጆቹንም የሚያሳድገው በእሱ ነውና አልፈርድበትም። እኔ ግን ከአባቴ ጋር ነኝ፤ ነገ ለወንድሜ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ማመልከቻው ሰኞ ይገባል።