768 ላይ የተደራረበው ሜኑ

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ወዳጄ ትንሽ ፔንሲዮን አለው። ዌብሳይቱን እኔ ሠራሁለት። ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ በላፕቶፔ ሳየው እንከን አይወጣለትም ነበር። ማታ ደወለልኝ።

«አንተ ጃል፣ ሜኑው እኮ ፎቶው ላይ ወጥቷል!»

የከፈተው በታብሌት ነው። ስልክ ላይ ሜኑው፣ ማለትም ገጹ አናት ላይ የሚደረደረው ማውጫ፣ ተጣጥፎ ሦስት መስመር ምልክት ብቻ ይሆናል፤ ስክሪኑ 768 ፒክስል ሲሞላ ግን በአንድ ረድፍ ይዘረጋል። 768ን ከየት አመጣኋት? ከልማድ ነዋ! የመጀመሪያው አይፓድ ቆሞ ሲያዝ ስፋቱ 768 ነበር፣ ቡትስትራፕ የሚባለው ዝግጁ የዌብሳይት መሥሪያም እስከ ዛሬ ይጠቀምባታል፣ እኔም ሳላላምጥ ዋጥኳት። የወዳጄ ታብሌት ደግሞ 800 ነው። እንግሊዝኛው ገጽ ላይ «ቡክ» የምትለው ቁልፍ አራት ፊደል ናት፤ አማርኛው ላይ «ክፍል ለመያዝ» ሆናለች። «ሩምስ» ደግሞ «የክፍሎቻችን ዋጋ»። እንዲህ ያሉ አምስት ቃላት 800 ውስጥ ከየት ይገባሉ? የመጨረሻዋ ወደ ታች ወርዳ ፎቶው ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ያሰብኩት ለ800 ብቻ ሌላ ሚዲያ ኩዌሪ (ስክሪኑ ይህን ያህል ሲሰፋ ገጹ እንዲህ ይሁን የሚል ትእዛዝ) ልጨምር ነበር። ይህን ስህተት ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ፤ ለየመሣሪያው አንድ አንድ ስጨምር የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ ሲኤስኤሱ፣ ድሪቶ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ የመሣሪያውን ነገር ተውኩትና አማርኛውን ገጽ ከፍቼ የብሮውዘሩን ጠርዝ ከጠባቡ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ጎተትኩት። 870 አካባቢ ሲደርስ አምስቱም በአንድ ረድፍ ገቡ። ትንሽ ትርፍ ሰጥቼ ብሬክፖይንቱን፣ ማለትም ሜኑው የሚዘረጋበትን ስፋት፣ 56 ኢኤም አደረግኩት። ኢኤም በፊደሉ መጠን የሚለካ ነው፤ ፊደሉ በተለመደው 16 ፒክስል ከሆነ 896 ማለት ነው። በፒክስል ያልጻፍኩት አውቄ ነው። አንድ ሰው የብሮውዘሩን ፊደል ወደ 20 ካሳደገ ያው 56 ኢኤም 1120 ፒክስል ይሆናል፣ ፊደሉ ሲተልቅ ሜኑውም ቆይቶ ይዘረጋል።

(ቁጥሩን በሲኤስኤስ ቫሪያብል፣ ማለትም ስም ሰጥቼ፣ ይዤ ሚዲያ ኩዌሪው ውስጥ ልጠራው ስል ግማሽ ሰዓት አቃጥያለሁ። አይሠራም፤ እዚያ ቦታ ቁጥሩን ራሱን መጻፍ ነው።)

በማግስቱ ደወልኩለት። «አሁንስ?»

«አሁን ቆንጆ ነው። የቁርሱን ዋጋ ግን ተሳስተሃል።»