ፖስትግሬስን ከ9.6 ወደ 15 ማሻገር፦ ሥራው ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ነው

የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ ፖስትግሬስ 9.6 ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ነው። ያሻገርኩት ዳታቤዝ ግን ከዚያም በኋላ በዚያው ስሪት ይሠራ ነበር። በየስሪቱ እየቆሙ መውጣት አያስፈልግም፤ የ15ቱ ማሻገሪያ መሣሪያ ፒጂ-አፕግሬድ ከ9.2 ጀምሮ ያለውን በአንድ ዝላይ ይወስዳል።

አዲሱን ክላስተር (ዳታቤዞቹ የሚቀመጡበትን ዳይሬክተሪ) በኢኒትዲቢ ትእዛዝ ስፈጥር ኢንኮዲንጉን (የፊደላት ኮድ)፣ ሎካሉን (የቋንቋና የአደራደር ደንብ) እና የቼክሰም (የዳታ ጉዳት መለያ) ምርጫውን ከአሮጌው ጋር አንድ አደረግሁ፤ ከተለያዩ ሥራው አይጀመርም። ከዚያ አሮጌው ሥራ ላይ እንዳለ ምንም ሳይለውጥ በሚፈትሸው የቼክ አማራጭ ብቻ ሞከርኩት። ሁለት ነገር ያዘኝ። አንዱ በአዲሱ በኩል ያልተጫኑ የኤክስቴንሽን ላይብረሪዎች ናቸው፤ ዝርዝራቸው በጽሑፍ ፋይል ይወጣል፣ መጫን ብቻ ነው። ሌላው ኦይድ (ስውር የረድፍ መለያ ቁጥር) ዓምድ ያላቸው ሰንጠረዦች ናቸው፤ 12 ላይ ይህ ቀርቷል። ዓምዱን ማንሳት ሰንጠረዡን ከነሙሉ ይዘቱ እንደገና ያስጽፋል፤ ይቆልፈዋል፣ ተጨማሪ የዲስክ ቦታም ይበላል። ስለዚህ ከዋናው ቀን አስቀድሜ ጨረስኩት።

በሊንክ አማራጭ ፋይሎቹ ሳይገለበጡ አሮጌውና አዲሱ ስለሚጋሯቸው ማሻገሩ ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ የሁለቱ ዳይሬክተሪዎች በአንድ ፋይል ሲስተም ላይ ይሁኑ እንጂ። ዋጋው ከባድ ነው፦ አዲሱ ሰርቨር አንዴ ከተነሣ ወደ አሮጌው መመለስ አይቻልም። አሮጌውን አጥፍቼ የዲስኩን ስናፕሾት (የቅጽበት ቅጂ) ሳልይዝ አልጀመርኩም።

የኮንፊገሬሽን ፋይሉን እንዳለ አትገልብጡ። ለምሳሌ በ13 ዋል-ኪፕ-ሴግመንትስ የተባለው ቅንብር በዋል-ኪፕ-ሳይዝ ተተክቷል፤ ሰርቨሩ የማያውቀው ስም ካገኘ አይነሣም።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ከዚህ በኋላ ነው። ወደ 15 ሲሻገር የፕላነሩ (ጥያቄ የሚፈጸምበትን መንገድ የሚመርጠው ክፍል) ስታቲስቲክስ አብሮ አይመጣም። ሁሉ ደህና መስሎ ሳለ በሚሊሰከንድ ይመለስ የነበረ ጥያቄ ደቂቃዎች ይፈጃል። ተጠቃሚ ሳይገባ ስታቲስቲክሱን እንደገና የሚሰበስበውን ቫኪዩምዲቢን በአናላይዝ-ኢን-ስቴጅስ አማራጭ አስኬድኩ፤ የመጀመሪያው ዙር ፈጥኖ ሻካራ ግምት ይሰጣል፣ የቀሩት ሁለቱ ያጠሩታል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም አብሮ ከተቀየረ ያለው አደጋ ድምፅ የለውም። የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ጂሊብሲ በ2.28 ስሪቱ የፊደላትን አደራደር ስለለወጠ ቀድሞ የተሠሩ የጽሑፍ ኢንዴክሶች ይዛባሉ፤ በእጅ ያለው ረድፍ «የለም» ይባላል፣ መደገም የሌለበት ቁልፍም ይደገማል። በሲ ሎካል (በባይት ቅደም ተከተል ብቻ በሚደረድረው) የተሠሩት ብቻ ይተርፋሉ። የቀሩትን በሙሉ እንደ አዲስ ሠራኋቸው (ሪኢንዴክስ)። የተደጋገመ ቁልፍ ካለ ሪኢንዴክሱ እዚያው ይቆማል፤ መጀመሪያ ረድፎቹን ማጽዳት ግድ ነው።

የክትትልና የባክአፕ ስክሪፕቶችም ይሰበራሉ፤ ከ10 ጀምሮ ፒጂ-ኤክስሎግ የሚለው የለውጥ መዝገቡ ዳይሬክተሪ ስም ፒጂ-ዋል ሆኗል፣ የፈንክሽኖቹም እንዲሁ። አሮጌውን ዳይሬክተሪ ያጠፋሁት አዲሱ ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ሲነሣ ካየሁ በኋላ ነው።