ከሱሉልታ በርሜል እስከ ሂውሮን ሐይቅ

ሱሉልታ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ዋና የማይችል አናጢ ካናዳ ድረስ ሄዶ የሰጠመች መርከብ ለማየት ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ ምን አስገባው የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ነገሩን ያመጣው ኦንታሪዮ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጠላቂ ነው። የሚልክልኝን ቪዲዮ ሁሉ «ሥራ ፈትነት ነው» እያልኩ አልፈው ነበር። አንድ ቀን ግን ስዊፕስቴክስ የምትባል የሰጠመች የእንጨት መርከብ ጎን በቅርበት አንስቶ ላከልኝ። ሳንቃው ከሳንቃው እንደተገጠመ ቆሟል። መርከቧ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ገና በሕይወት እያሉ ማለት ነው። የሰጠመችው በ1885። እኔ ለአጥር የማቆመው የባሕር ዛፍ ቋሚ አፈሩን በሚነካበት በኩል በጥቂት ዓመት ይበሰብሳል። ደወልኩለትና ይህ እንጨት እንዴት ሳይበሰብስ እንደቆየ ጠየቅኩት።

ጨዋማ ባሕር ውስጥ እንጨት እየሰረሰረ የሚበላ ትል መሰል ፍጥረት አለ፤ ጨው በሌለው ሐይቅ ውስጥ አይኖርም። ሌላው ብርዱ ነው። ውሃ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በጥልቅ ሐይቅ ግርጌ ያ ቅዝቃዜ በጋ ከክረምት ይተኛል፤ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያንም ሥራቸው ይጓተታል። ጠላቂውን የሚያንቀጠቅጠው ብርድ ነው ሳንቃውን ያቆየው። ልቤ የሸፈተው ይህን ስሰማ ነው።

ስዊፕስቴክስ ያለችው ሂውሮን ሐይቅ ዳር፣ ቶበርሞሪ በሚባል ቦታ፣ 6 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። ስለዚህ የአየር ሲሊንደር ሳይሸከሙ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ማየት ይቻላል።

ዋናውን አዲስ አበባ ገንዳ ውስጥ ተማርኩ። ልጆች ይስቁብሃል፣ ትለምደዋለህ፣ አለቀ። ብርዱን መልመድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሱሉልታ ውርጭ ይጥላል፤ ግቢያችን ያለውን ሰማያዊ በርሜል ማታ እሞላና ጠዋት እገባበታለሁ። እስከ አንገትህ ስትገባ ቀድሞ የሚይዝህ ብርዱ ሳይሆን ትንፋሽህ ነው። ሳታዘው አፍህ ይከፈትና አየር ትስባለህ፣ ደጋግመህ። ሐይቅ ላይ ቢሆን የምትስበው ውሃ ነው። ይህ ድንጋጤ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ ለገባ ሰው ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። የረዳኝ ነገር ወደ ውስጥ መሳቡን ትቼ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ ማስወጣት ላይ ማተኮር ነው። እማዬ ፎጣ ይዛ አጠገቤ ትቆማለች፦ «አንተ ልጅ፣ የሳንባ ምች ይዞህ ልትቀር ነው? እንጨቱ አነሰህ?» ትቆጣ እንጂ መቆሟ ደግ ነው። ይህን ማንም ብቻውን አይሞክረው፤ የልብ ሕመም ያለበትማ ጭራሽ።

ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የሂውሮን ወለል ግን ከባሕር ጠለል 176 ሜትር ገደማ ብቻ። ትንፋሽ መያዝ እዚያ ቀለለኝ። ወንድሜ ግን ሰው እንዲህ ሲቀለው ነው የሚዘናጋው ብሎ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፦ ከመጥለቅ በፊት በኃይል ደጋግሞ መተንፈስ ውሃ ውስጥ ሳይታወቅ ራስን ያስታል።

ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሼ ገባሁ። ከንፈሬ ወዲያው ደነዘዘ፤ ቱቦውን መንከሴን የማውቀው በጥርሴ ብቻ ነበር። ከበታቼ 36 ሜትር የምትረዝም መርከብ ተጋድማለች፤ ከፊቷ መልሕቅ የሚጠቀለልበት ድቡልቡል ግንድ አለ። አየር ስቤ ወረድኩ። የሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ መስመር ጎኑ በጎበጠበት ሁሉ አብሮ ይጎብጣል፣ አይላቀቅም። በእንፋሎት አለስልሰው ጎብጠውት መሆን አለበት። እኔ አንዲት የወንበር መደገፊያ ለማጉበጥ ስንት ጣውላ እንደምሰብር የሚያውቁ ደንበኞቼ ይፍረዱኝ። ቦታው ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ነው፤ አንዲት ሚስማር እንኳ ማንሳት አይፈቀድም፣ ደግም ነው።

ብዙዎች የሚጠይቁኝ ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ ስለሚባለው መርከብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በሱፔሪየር ሐይቅ 29 ሰዎች ይዞ የሰጠመው። እሱ መቃብር ነው፤ እዚያ ምን እንደምፈልግ አይታየኝም። እኔን የሚስበኝ የአናጢው እጅ ነው።

ወንድሜ አሁን በሲሊንደር መጥለቅ ተማር እያለኝ ነው። እዚያው ልማር ብያለሁ። በሲሊንደር ተደጋግሞ ከተጠለቀ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ስለሚመከር፣ የመመለሻ ቲኬቴን አንድ ቀን ገፋ አድርጌ እቆርጣለሁ።