በታኅሣሥ የተቆረጠ የገተማ ማር

እትዬ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ቢሯችን ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ለጉልበታቸው እንደሚከብድ ስለማውቅ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም። ከዘንቢላቸው አምስት ባለ አንድ ኪሎ የማር ዕቃ እያወጡ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። አራቱ ተከፍተዋል።

«ልጄ፣ ይኼን ማነው የጻፈው?» አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ።

ስልኩ ላይ ያለው የራሳቸው ፖስት ነው። ስሙ የሳቸው፣ ፎቶው የሳቸው። ጽሑፉ ግን የኔ ነበር። «ትናንት ከቀፎ የተቆረጠ የጌራ ገተማ ነጭ ማር። እኔ ቤት ገብቷል፣ ቀምሼ መስክሬያለሁ።»

ሥራችንን ላስረዳ። አራት ሆነን የምንሠራበት ትንሽ ስታርታፕ ነው። ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ወደኛ ይመጣል። እኛ ታዋቂ አርቲስት አንፈልግም። የምንፈልገው ተራ ሰው ነው። ልብስ ሰፊ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ነርስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። 500 ወይም 1,000 ተከታይ ያለው ሰው ስለ ዕቃው በፌስቡክ፣ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ግሩፑ ይጽፋል። እኛ በቴሌብር እንከፍለዋለን። በማስታወቂያ ሰዎች ቋንቋ ተከታያቸው ከ10 ሺህ የማይበልጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናኖ ኢንፍሉዌንሰር ይባላሉ። የኔ ድርሻ ሰውና ዕቃ ማገናኘት፣ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ፖስቱ መውጣቱን በስክሪንሾት ማረጋገጥና ለነጋዴው ሪፖርት ማድረግ ነው።

በሐሳቡ ዛሬም አምናለሁ። ጅማ በሰው ቃል የሚገበያዩባት ከተማ ናት። ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሩቅ አገር ነጋዴ ሲገናኝበት የኖረ ገበያ ነው። ዛሬም ሐሙስ ቀን የጅማ መርካቶ ብትወርዱ ሰው ዕቃውን ከማየቱ በፊት «ማን ጋ ልሂድ?» ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤት ቡና ላይ «እገሊት ጋ ጥሩ ቅቤ አለ» ካለች አለቀ። ይኼ የቡና ላይ ወሬ ስልክ ላይ ሲወጣ፣ የተናገረችው ሴት ለምን አንድ ነገር አታገኝበትም? ብለን ነው የጀመርነው። እናቶች በወር አንድ ሁለት ሺህ ብር ሲያገኙ ማየት ከልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ከሁሉም የተለዩ ነበሩ። መርካቶ አካባቢ 30 ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የፌስቡክ ገጹን የከፈተላቸው ልጃቸው ነው፤ ተከታያቸው 840 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሠርግ ልብሳቸውን እሳቸው የሰፉላቸው፣ በዕድር የሚያውቋቸው፣ ዕቁብ አብረዋቸው የሚጥሉ ሰዎች ናቸው። አንዴ ስለ ስፌት ክር ጻፉልን። ክሩን ራሳቸው ይሠሩበት ነበር። «ጥቁሩ ይለቃል፣ ነጩን ውሰዱ» ብለው ጻፉ። ነጋዴው መጀመሪያ ተቆጣ። በሳምንቱ ነጭ ክር አልቆበት ደወለ። ያን ጊዜ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም።

የማሩ ነጋዴ የመጣው ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጠጅ የሚጥል ሰው ሁሉ ማር የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ከገና በኋላ ጥምቀት አለ፣ የጥር ሠርግ አለ። ነጋዴው የሰጠን አንድ ፎቶና አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ «ከጌራ የመጣ ንጹሕ ማር፣ ኪሎው 750 ብር።» በቃ። በሦስት ቀን ውስጥ በ38 ሰዎች ገጽ ላይ እንዲወጣ ፈለገ።

ጽሑፉ ደረቀብኝ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሳመርኩት። ገተማ ነጭ ማር የሚገኝበት ዛፍ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ከዚያ የዘለለ አላውቅም። ጨመርኩት። «ትናንት የተቆረጠ» ያልኩት ትኩስ እንዲመስል ብዬ ነው። «ቀምሼ መስክሬያለሁ» ያልኩት ደግሞ ያለ እሱ የሰው ቃል ስላልመሰለኝ ነው። ከ38ቱ ማሩን የቀመሰ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልቀመስኩም።

ሌላም ነገር አድርጌያለሁ። አንድ ዓይነት ጽሑፍ 38 ቦታ ከወጣ ሰው እንደሚነቃ አውቃለሁ። ስለዚህ ለየአንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ለዋወጥኩት። ለነርሷ «ለልጆቼ ገዛሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ለባጃጅ ሹፌሩ «እናቴ ወዳዋለች» ብዬ ጻፍኩለት። ለእትዬ «እኔ ቤት ገብቷል» አልኩላቸው። ይኼን ስሠራ ክፉ ነገር የምሠራ አልመሰለኝም። ሥራዬን በጥንቃቄ የምሠራ ነበር የመሰለኝ።

ፖስቶቹ ወጡ። ለእያንዳንዱ ሰው 200 ብር ገባለት። ትእዛዝ መጣ። ነጋዴው አመሰገነን።

ወደዚያ ሰኞ ልመለስ። የእትዬን ፖስት አይተው አምስት ሰዎች ማሩን ገዝተዋል። አንዷ የልጃቸው አማት ናቸው። እሑድ ዕለት ጠጅ ሊጥሉ ማሩን ሲከፍቱ፣ ከጌራ የመጡት አባታቸው እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በጣታቸው ቀመሱ። ከየት እንደተገዛ ጠየቁ። የእትዬ ፖስት ተነበበላቸው።

«የገተማ ማር በታኅሣሥ?» አሉ።

እኔ ያን ቀን የሰማሁትን እናንተም ስሙት። ገተማ የሚያብበው በበልጉ ዝናብ ነው። ማሩ የሚቆረጠው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። በጥርና በየካቲት የሚቆረጠው የግራዋ ማር ነው፤ እሱ ደግሞ ጠቆር ይላል፣ ትንሽ መረር ይላል። ሌላም ምልክት አለ። የገተማ ማር ቶሎ ይረጋል። ወራት ሲቆይ እንደ ቅቤ ይጠጥራል። ይኼኛው ግን ይፈስ ነበር። ትናንት የተቆረጠ ነው እንዳይባል ወቅቱ አይደለም። የሰኔው ነው እንዳይባል መርጋት ነበረበት። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የረጋ ማር ሲያይ «ስኳር ገብቶበታል» ብሎ ይመልሳል። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ሽማግሌው የጠረጠሩት ባለመርጋቱ ነው።)

ደግመው ቀመሱትና «ማሩስ ማር ነው» አሉ። «ወሬው ነው ውሸት። ሴትዮዋ ቀምሻለሁ ነው የምትለው?»

ይኼ የተባለው በጋብቻ ዘመድ ቤት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ነው። እትዬ በዚያው ምሽት የአምስቱንም ሰዎች ገንዘብ ከራሳቸው ኪስ መለሱ። 3,750 ብር። ማሩን ተቀብለው በዘንቢል ይዘውት መጡ። እኛ የከፈልናቸው 200 ብር ነው።

«ብሩ አይደለም ያመጣኝ» አሉኝ። «30 ዓመት ስሰፋ ልኬ ተሳስቶ ያውቃል። ልብስ ጠቦ ተመልሶልኝ ያውቃል። ውሸታም ተብዬ ግን አላውቅም።»

ደንግጬ የመለስኩት መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል። «እትዬ፣ ይኼኮ የማስታወቂያ አነጋገር ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው። ፖስቱን ያጥፉትና ይረሳል» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ማስታወቂያ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ነው ብለሽ ለምን አልጻፍሽበትም?»

መልስ አልነበረኝም።

እሳቸው ባሉበት ለነጋዴው ደወልኩ። አልሸሸኝም። ማሩ የጌራ ነው፤ እውነትም የገተማ ነው። የሰኔ ምርት ነው። ረግቶ ስለነበር ለማሸግ እንዲመቸው ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ አሟሙቶታል። ምንም አልቀላቀለበትም። «ትናንት የተቆረጠ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ። አላለም። የላከልኝ መልእክት ስልኬ ላይ አለ። ሰውየው በስንት ልፋት ከጌራ ያወረደውን ደህና ማር፣ እኔ በአንድ ቃል አጠራጣሪ አደረግሁበት።

ከሰዓት አራታችንም ተቀመጥን። ኃላፊያችን መጀመሪያ ያሰበው ስለ ደንበኛው ነው። አልፈርድበትም፤ የቢሮው ኪራይ በሱ ስም ነው። አንዱ ባልደረባችን ግን የሌላ አገር ታሪክ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ፔይ ፐር ፖስት የሚባል ስታርታፕ ተነሥቶ ነበር። ለተራ ጦማሪዎች እየከፈለ ስለ ዕቃና ስለ አገልግሎት ያስጽፋቸው ነበር። ከኛ ሥራ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ጸሐፊዎቹ መከፈላቸውን እንዲናገሩ አላስገደደም። ወቀሳ ሲበዛበት በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ግዴታ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መመሪያውን ሲያሻሽል፣ ተከፍሎት ስለ ዕቃ የሚጽፍ ጦማሪ መከፈሉን እንዲገልጽ አለ። የኛ አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በዚህ ሙያ እንጀራ እየበላሁ አዋጁን አንብቤው አላውቅም ነበር። ያን ማታ አነበብኩት። እያነበብኩ ግን ጆሮዬ ላይ የነበረው የእትዬ ጥያቄ ነው። ያ ሁሉ ወቀሳና መመሪያ የደረሰበትን ነገር እሳቸው ቆመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቀውኛል።

ማክሰኞና ረቡዕ ለ38ቱም አንድ በአንድ ደወልኩ። ደውዪ ያለኝ የለም። መስማት ፈለግኩ።

የባጃጁን ሹፌር አልረሳውም። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው» አለኝ። የላክሁለትን ሳያነብ ነው የለጠፈው። ባጃጁን አቁሞ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ኮፒ አድርጎ ለጠፈው። ማታ እህቱ አይታው ደወለችለት። እያለቀሰች። እሱ ሊያጠፋው ሲል ደግሞ «ለሦስት ቀን ካልቆየ ክፍያ የለም» የሚለው የኛ ደንብ ትዝ አለው። ሦስቱን ቀን ተወው። በነጋታው አንድ ተሳፋሪ «እናትህ የወደዱት ማር የት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠየቀው። አድራሻውን ነገረው።

ይኼን ሲነግረኝ ድምፁ አልተቆጣም። እኔ ነኝ መናገር ያቃተኝ። ሰውየውን ለአንድ ዓመት አውቀዋለሁ። ባጃጁ ስንት ቀለም እንዳላት፣ ስንት ተከታይ እንዳለው፣ በየትኛው ሰዓት ብዙ ሰው እንደሚያይለት አውቃለሁ። እናት እንደሌለው ግን አላውቅም ነበር። ሳላውቅ በስሙ ስለ እናቱ ጻፍኩ።

ነርሷ ሌላ ነገር ነገረችኝ። አንዲት አራስ ስለ ማሩ ስትጠይቃት «አላውቀውም፤ ተከፍሎኝ ነው የጻፍኩት» ብላ እውነቱን ተናግራለች። ከዚያ ወዲህ ለኛ ጽፋ አታውቅም። ስደውልላት በትሕትና ታናግረኛለች፤ እሺ ግን አትልም።

አሠራሩ ተለወጠ። አሁን ዕቃው መጀመሪያ ሰውየው ቤት ይገባል። ይበላል፣ ይለበሳል፣ ይታጠብበታል። ከዚያ በራሱ ቃል፣ ባሻው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጽፋል። እኔ የማርመው ዋጋና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ተከፍሎኝ ነው የምጽፈው» ይላል። ዕቃውን ያልወደደው ሰው አይጽፍም፤ ለሞከረበት ግማሹን እንከፍለዋለን። በዚህ ግማሽ ክፍያ ላይ ከኃላፊያችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። እኔ አልለቀቅሁም። እምቢ ማለት 200 ብር የሚያሳጣው ከሆነ፣ ልጆች ያሉት ሰው እምቢ አይልም።

ሁለት ደንበኞች ጥለውን ሄዱ። «ተከፍሎኝ ነው ካለማ ማን ያምነዋል?» አሉን። ጥርና የካቲት ላይ ገቢያችን ቀነሰ፤ የኔም ደመወዝ አንድ ወር ዘግይቷል። የማሩን ነጋዴ የከፈለንን መለስንለት። ብሩን ተቀበለ። ሌላ ሥራ ግን አልሰጠንም።

ለእትዬ 3,750 ብራቸውን በቴሌብር ላክን። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። 200 ብር መልሰውልኛል። ማታውን ገጻቸው ላይ ለኔ ሳያሳዩ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ስለ ማሩ የጻፍኩት ተከፍሎኝ ነው። ሳልቀምስ ቀምሻለሁ ብያለሁ። አሁን ቀምሼዋለሁ። የሰኔ ማር ነው፣ ጥሩ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከሥሩ ብዙ ሰው ጻፈላቸው። ከሁሉም በላይ የነካኝ የልጃቸው አማት የጻፉት ነው፦ «ጠጁ ሲደርስ ትመጫለሽ።»

ከዚያ በኋላ እትዬ ለኛ አልጻፉም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። መርካቶ ስወርድ ግን ሱቃቸው ጎራ እላለሁ። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ቀሚስ አሰፋሁ፤ ልኬን ሲወስዱ ስለ ልጃቸው አወሩኝ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ደረጃውን ወጥተው መጡ። በዚያው ዘንቢል። ሽማግሌው ከጌራ ልከዋል። ክዳኑን ስከፍተው ነጭ ነው፤ ገና አልረጋም። ሽታው ቢሮውን ሞላው።

እጄ ሳላስበው ወደ ስልኬ ሄደ። ፎቶ ላነሳው ነበር።

«ተይው» አሉኝ እትዬ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «መጀመሪያ ቅመሺ።»