ካስልተን ላይ ከልጆች ጋር ማደር፦ ጣጣው ቁርሱ ላይ ነው

ከሼፊልድ ወደ ማንቸስተር በየጣቢያው እየቆመ የሚሄደው ባቡር ሆፕ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ላይ ያወርዳችኋል። በዋሻዎቹ የሚታወቀው የእንግሊዝ መንደር ካስልተን ከዚያ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሻንጣና ሕፃን ይዞ በእግር አይሞከርም። ታክሲ ደጃፍ ላይ ይጠብቀኛል ማለት ስለማይቻል ቀደም ብሎ በስልክ መያዝ ነው። ለባቡሩ የቤተሰብ ሬልካርድ (የባቡር ቅናሽ ካርድ) ካላችሁ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉት ልጆች ዋጋ በ60 በመቶ፣ የአዋቂው በሲሶ ይቀንሳል።

ቢ ኤንድ ቢው (አልጋና ቁርስ የሚሰጠው የእንግዳ ቤት) «ቤተሰብ እንቀበላለን» ስላለ ብቻ አትያዙት። ፋሚሊ ሩም የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጥንድ አልጋና አንድ ወይም ሁለት ነጠላ አልጋ ነው። ሦስተኛ ልጅ ካለ ተጣጣፊ አልጋ ይገባ እንደሆነ፣ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ዋጋው በክፍል ይሁን በሰው ጠይቁ። የድሮ የድንጋይ ቤት ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ቁርሱ። ሳህኑ ላይ ቤከን፣ ሶሴጅ፣ እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና የቆርቆሮ ቦሎቄ ይደረደራል። ቤከን አሳማ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሰው የሚሳሳተው ሶሴጁ ላይ ነው። ምንም ካልተባለ እሱም አሳማ ነው፤ ጥቁሩ ብላክ ፑዲንግ ደግሞ የአሳማ ደም። «ቤከኑ ይቅርብኝ» ማለትም ብቻውን አያድንም፤ እንቁላሉና እንጉዳዩ በዚያው መጥበሻ፣ በዚያው ስብ ሊጠበስ ይችላል። ስለዚህ ገና ስትይዙ «አሳማ አንበላም፣ መጥበሻው ይለይልን» በሉ። ለጾም «ቪጋን» የምትለዋ ቃል ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን በአንድ አፍ ታስወጣለች፤ «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ ግን እንቁላልና ቅቤ ተከትሎ ይመጣል። ቁርሱ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 9፡30 ነው (ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እስከ ቀትር ለሚጾም ሰው ይህ የባከነ ገንዘብ ነውና ዋጋ ይቀነስ ወይም ሳንድዊች ይጠቅለል እንደሆነ ከዋዜማው ተነጋገሩ።

መታጠቢያ ቤቱ ጣራ ላይ የተንጠለጠሉት ገመዶች ልጅ ያማልላሉ። አንዱ የመብራት ነው፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ሻወሩ። ውሃው አልሞቅ ካለ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ገመዱን ሳቡና ከላይ ትንሿ ቀይ መብራት መብራቷን እዩ። ገመዱ ራሱ ቀይ ከሆነ ግን የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ አይነካ። የእጅ መታጠቢያው ላይ ቧንቧው ሁለት ከሆነ ሙቁ ለብቻው ያቃጥላል። መውረጃውን ድፈኑ፤ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፤ ሙቁን ጨምሩበት። ቻርጀር አልሠራ ሲል ደግሞ ሶኬቱ የራሱ ማብሪያ አለው።

ክፍል ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ የሚታሰብ አይደለም። የጭስ ማንቂያው ይጮህና እንግዳውን ሁሉ በፒጃማ ደጅ ያስወጣዋል።

ራት ከቤቱ አይጠበቅም። ወደ ፐብ (መጠጥም ምግብም ወደሚሸጥበት ቤት) ነው፤ ብዙ ቦታ ወጥ ቤቱ 9 ሰዓት አካባቢ ይዘጋል፣ እሑድ ደግሞ ከዚያም ቀደም ይላል።

ዋሻዎቹን ለማየት ስትወጡ በሐምሌም ቢሆን ሹራብ ደርቡ። በጀልባ የሚገባበት ስፒድዌል ከ100 በላይ ደረጃ ያስወርዳል፣ ስትመለሱም ያንኑ ያስወጣል። ጋሪ አያስገባም።